በዐቢይ ጾም የተጠጣ ወተት

በወይራ የታጠነ የወተት ቅል ሲሸተኝ ዛሬም አዳማ፣ የልጅነት ቤታችን ውስጥ እገኛለሁ።

አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። በአንድ ዐቢይ ጾም ወባ ጣለው። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በየማለዳው ትኩስ ወተት ታመጣለታለች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። "ሥጋዬ ይክሳ፤ ነፍሴን አላረክሳትም" ይላል።

እናቴ ቢጨንቃት የነፍስ አባታችንን አስጠራች። ሽማግሌው ቄስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአባቴን የመነመነ ክንድ ያዙ።

"ይህን ክንድ ማን ፈጠረው?"

"እግዚአብሔር።"

"ነፍስህንስ?"

"እሱው ነው፣ አባ።"

"ታዲያ የእጁን ሥራዎች ለምን ታጣላለህ? ሥጋህ የነፍስህ ቤት እንጂ ጠላቷ አይደለም። መንፈስህም ቢሆን የሚጸልየው በዚሁ አፍ ነው። ጠጣ፤ የቀረህን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ።"

አባቴ እያለቀሰ ጠጣ። ከንፈሩ ላይ የቀረውን ነጭ አረፋ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ለፋሲካ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቄሱ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ነበር፤ መስቀሉን ሲያሳልሙት እጃቸው ተንቀጠቀጠ።

ያ ጾም ለማን እንደተቆጠረ አላውቅም። ሥጋ ከንቱ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ግን ስለዚያ እጅ እነግረዋለሁ።