ሰማይ ሳይጠቁር የተገዛ ዋስትና

ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲገባ የአቃቂ መብራት ከዝናቡ ጋር የተማከረ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ትልልቆቹ ሲያማርሩ እኛ ልጆች ግን እልል እያልን ወደ አባባ ሰይድ ደጃፍ እንሮጣለን። እናቴ በክር ፋብሪካው ውስጥ ፈታይ ነበረች። አባቴን ገና ሕፃን ሳለሁ ስላጣን፣ እሷ የከሰዓት ፈረቃ ስትገባ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ዳዊትን የሚጠብቁን እኚሁ ጎረቤታችን ነበሩ።

አባባ ሰይድ የዕድሜያቸውን እኩሌታ በንግድ መርከብ ላይ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ከአሰብ መጡና ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ባሕር አይቶ በማያውቅ ሰው መሐል መውደቃቸው ሳይከፋቸው አልቀረም፤ ለእኛ ግን በረከት ነበር። ከሰሉን በረንዳቸው ላይ ያቀጣጥላሉ፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ የበቆሎ እሸቱን ፍሙ ላይ ይደረድራሉ። ያኔ የቆርቆሮው ጣራ በዝናብ ሲንጫጫ፣ በቆሎው ጠሽ ጠሽ ሲል፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ሲጀምሩ፣ በግቢው ውስጥ የተኛው የዝናብ ውኃ ሁሉ ባሕር ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ዳዊት ደጋግሞ የሚያስነግራቸው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነው።

በአንድ የወደብ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ባሕሩን ተሻግረው የእኅታቸውን ሠርግ ሊበሉ ተነሡ። በወደቡ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ባሕር የሚሻገር ሁሉ ድርሻውን ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ሰው ቢታመምበት፣ መንገዱ ቢሰናከልበት፣ ዕቃው ቢሰጥምበት ከተጠራቀመው ይክሱታል። ታላቅየው ለጀልባው ቀብድ በከፈለ ዕለት እግረ መንገዱን ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ ድርሻውን ሰጠ። ታናሽየው ግን፣ «ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ ምን ያስቸኩለኛል? መሄጃችን ሲደርስ አየዋለሁ» አለ።

መሄጃቸው ሲቃረብ ሰማዩ ጠቆረ፤ ጀልባዋም የትም እንደማትሄድ ተነገረ። ያን ጊዜ ታናሽየው እያለከለከ መጣና «እንኩ ድርሻዬን!» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ ዋስ የምሆነው ገና ላልታየ ነገር ነው። ለመጣ ዳመና ዋስ የለም።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እቆጣለሁ። «ቢቀበሉት ምን ነበረበት? ክፉ ሽማግሌ ናቸው!»

አባባ ሰይድ ይስቃሉ። «ሰኒዬ፣ እሱን ቢቀበሉትማ ሰው ሁሉ ዳመና እስኪያይ ቤቱ ቁጭ ይላል። ከረጢቱ ባዶ ይሆንና ታላቅየውን በምን ይክሱታል?»

«ታናሽየውስ ምን ሆነ?»

«ወንድሙ ካገኘው አካፈለው። እኅትየውም እናንተ ሳትመጡ አልዳርም ብላ ሠርጉን አስተላለፈችላቸው። ኋላ ሄደው እንዴት እንደጨፈሩ ላሳይሽ?» ይሉና፣ በዚያ ረጅም ቁመታቸው ተነሥተው በረንዳዋ እስክትናጋ ይጨፍሩልናል። እኛም የበቆሎ ቆረቆንዳ እንደ ዱላ ይዘን እንከተላቸዋለን። እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ታየናለች። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እውነት ባሕር ዳርቻ የለውም?» ብላ ስትጠይቃቸው በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ ስታፍር አየኋት።

አባባ ሰይድ ዕድሜ ጠግበው፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ዐረፉ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ግርማን አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ እናቴን ይዤ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ዳዊት ዱባይ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን ደወለና፣ «እማዬን ባሕር እናሳያት» አለኝ። ከዚያው ከዱባይ ተነሥቶ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉ ከተሞችን የሚያስጎበኝ፣ ቤተሰብ የሚጭን ትልቅ የመርከብ ሽርሽር አለ። ለብዙ ጊዜ ሁለታችንም ቆጠብን፤ ደግመን ልናገኘው የማንችለው ገንዘብ ነበር። ለኅዳር ወር ቦታ ያዝን፤ ቀብዱንም ከፈልን።

«የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል» አልኩት ግርማን።

«ቪዛው ሲመጣ እንገዛለን፤ ምን ያስቸኩላል?» አለ።

ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ስነግረው እሱም ሳቀ፤ በማግስቱ አብረን ሳሪስ ወደሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን። የተቀበለችን ወጣት ሠራተኛ ጉዟችን ገና ወራት እንደሚቀረው ስትሰማ ደስ አላት።

«ብዙ ሰው ሻንጣውን ሸክፎ ነው የሚመጣው» አለች። «ለመንገድ ላይ ሕክምና ያኔም ይደርሳል። ከመሄድ በፊት ለሚሰናከል ጉዞ ግን ጥበቃው የሚጀምረው ከገዛችሁበት ቀን ነው። ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ሰው ቢታመም ይሸፈናል። ከታመመ በኋላ ብትመጡ ግን ለዚያ ሕመም ምንም ላደርግላችሁ አልችልም።»

የእናቴን ደም ግፊት ሳልደብቅ ነገርኳት፤ መዘገበችው። «ባሕር መሐል ሳለን ብትታመምና ወደ የብስ ሆስፒታል መውሰድ ቢያስፈልግስ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ይህን ሁሉም ውል እንደማይሸፍነው ነግራን የሚሸፍነውን መረጠችልን። እኔ የዚያን ዕለት ከቢሮው ስወጣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በቆሎ የበላሁ ያህል ልቤ ሞቀ።

ጥቅምት ላይ እናቴ ለዳዊት የምትወስደውን በርበሬ ታቅፋ ስትወርድ ከፎቃችን ደረጃ ላይ ተንሸራተተችና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሆስፒታል ጄሶ ሲያደርጉላት አላለቀሰችም። ሐኪሙ «በዚህ እግር ኅዳር ላይ መጓዝ የማይታሰብ ነው» ሲላት ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የእናንተን ልፋት ውኃ በላው» አለች።

«አልበላውም እማዬ። ገና ቀብድ ስንከፍል ነው ኢንሹራንስ የገባነው።»

«ለዕቃ ሲገባ ሰምቻለሁ። ለእኔ እግር ማን ይከፍላል?»

እስክታየው ድረስ አላመነችም። የሐኪሙን ማስረጃ ይዤ ሳሪስ ተመላለስኩ፤ የከፈልነውም ተመለሰልን። ዳዊት ወዲያው ለሌላ ጊዜ ቦታ ያዘ፤ እኔም በዚያው ቀን አዲሱን ውል ገዛሁ። አሁን ግርማ ራሱ ነበር «ቶሎ በይ» እያለ የሚያጣድፈኝ።

ጥምቀት አልፎ፣ እናቴ ከዘራዋን ጥላ ስትራመድ፣ ሄድን። መርከቡ ከወደቡ ሲለይ ሁላችንም የላይኛው ወለል ላይ ነበርን። የብሱ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። እናቴ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ወደ ፊት አየች፣ ወደ ኋላ አየች፣ ዞራ በዚያ በኩልም አየች። ነጠላዋን ነፋሱ ከትከሻዋ ነጥቆ ዳዊት ፊት ላይ ሲጥለው እንኳ አላወቀችም። ከዚያ ሆዷን ይዛ ትስቅ ጀመር፤ ምን እንዳሳቃት ሳናውቅ እኛም አብረናት ሳቅን፤ ልጄም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ልጅ ሆኜ የሰማሁት ተረት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከጭሱ ጋር በኗል። ያ አንዱ ለምን እንደቀረ አላውቅም። ምናልባት ተረት የሚቀረው ምክር ስለያዘ ሳይሆን፣ የነገረን ሰው እኛን ስለወደደን ይሆናል። ውሉን በጊዜ መግዛትን ከማንም ልማረው እችል ነበር፤ ሳስበው የሚሞቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ከተመለሰች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፎቃችን ሥር ትቀመጣለች፤ የብሎኩ ልጆች ይከቧታል። በወሬዋ ውስጥ መርከቧ መጀመሪያ ሰሞን የአቃቂን ድልድይ ታህል ነበር፤ አሁን ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ደርሳለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «እማማ፣ ይህን የምታህል መርከብ እንዴት ትዞራለች? መንገዱ አይጠባትም?» ስትላት ሰማሁ።

«ምን ይጠባታል ልጄ!» አለች እናቴ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ። «ሚኒባስ የለበት፣ ትራፊክ የለበት፣ ወራጅ አለ የሚል የለበት! ደስ ባላት ቦታ ትዞራለች።»