ቶሪኖ ያደረስኩት የጥብስ ቅጠል ቅባት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ የጸጉር ነገር ከተነሳ የእኔ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እናንተ ለጥብስ ብቻ የምታውቁትን ቅጠል ከጓሮዬ ቀጥፌ፣ በጥላ አድርቄ፣ ለዘብ ባለ እሳት ከዘይት ጋር አብስዬ የስንቱን የሳሳ ጸጉር መልሻለሁ። ፎረፎርና የሚያሳክክ ቆዳማ ለእኔ ጨዋታ ነው።

ስለዚህ ጣልያን አገር ቶሪኖ የምትኖረው ልጄ ምሕረት በስልክ "ጸጉሬ ረገፈ፤ የዚህ አገር ውሃ ነው" ስትለን ከእኔ ሌላ ማን ይሂድ? የሄድኩ ማታ ባለቤቴ አስካለ አራት ጠርሙስ ቅባት በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችና "ጸጉሯን ሳትመልስ እንዳትመጣ" አለችኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። አሁን እሱም ናፈቀኝ፤ የእኛ ብርድ ባሕር ዛፍ ይሸታል፣ የዚህኛው ምንም አይሸትም።

ኤርፖርት ላይ ፈታሹ አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተና ሳቀ።

"ሮዝማሪኖ! የእናቴ ግቢ አጥሩ ሁሉ ይሄ ነው። ከአፍሪካ ድረስ ተሸክመው መጡ?"

"ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ተመለጥክ?" አልኩት፣ እዚህም እዚያም በለቃቀምኳት ጣልያንኛ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ አሳለፈኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ምሕረትን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሻሿን ፈታሁ። አንዲት ጸጉር የለችም። ቅንድብም የለም፤ እስካሁን ያየሁት በኩል የተሳለ ነው። ስንት ራስ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ውሃ ቅንድብ አይነቅልም።

"ይሄ ውሃ ነው?"

"ውሃው ነው አባዬ።"

"አባትሽን አታሞኚ።"

ሻሿን መልሳ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና "የጡት ካንሰር ነው። ጸጉሬን ያረገፈው መድኃኒቱ ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ደም ግፊቷ ይነሳባታል" አለችኝ።

ሰኞ ሆስፒታል አብሬያት ስሄድ ጠርሙሴን ይዤ ነበር። ስለ ቅባቱ አውርቼ እስክጨርስ ነርሷ ሰማችኝ። "ሲኞር፣ አሁን ቆዳዋ ስስ ነው። ምንም አይቀቧት" አለች። እኔ፣ ከስንቱ ጋር ተከራክሬ የረታሁ ሰው፣ ጠርሙሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

እሁድ አስካለ ደወለች።

"ጸጉሯስ?"

"ማቆጥቆጥ ጀምሯል።"

"እሰይ! በል ሻሿን አስፈትተህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ።"

እስካሁን የሠራሁት ይህ ነው። የሆስፒታሉን አውቶቡስ ያለ ሰው እርዳታ መሳፈር ቻልኩ። ሽሮ ሠርቼ ሦስት ጉርሻ አጎረስኳት፤ አንዱን አስመለሳት፣ ሁለቱ ረጋላት። መድኃኒቱ በክንዷ ሲገባ እጇን ይዤ ዋልኩ። ጠርሙሶቹን ቁም ሳጥን ላይ ደረደርኩ። ሻሽ ማሰርም ቻልኩበት፤ እሷ ካሰረችው ይልቅ እኔ ያሰርኩላት ያምራል። ፎቶውን አስካለ አሁንም እየጠበቀች ነው።