ለንደንን የሚቆጥረው የእማዬ ሰዓት

አዲስ ሻንጣ ዚፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ ጎማም ፕላስቲክም የሚመስል፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣው ዓይነት። ባለፈው ወር እዚህ ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ከተማ አንድ ሱቅ ገብቼ ለልጆቼ ሻንጣ ስመርጥ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና፣ ሻጯ መጥታ ምን ልርዳህ እስክትለኝ ድረስ ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ግን ፕሌኖ አልነበርኩም። እዚሁ ቴክሳስ ቤድፎርድ፣ ሁለት መኝታ ክፍል ባለው የድሮ አፓርትመንታችን ውስጥ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሳሎኑ መሐል ሁለት ትልልቅ ሰማያዊ ሻንጣዎች ተከፍተዋል፣ እህቴ ሜሮን አንደኛው ላይ ቁጭ ብላ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች።

ቅዳሜ ነበር፤ ወደ ለንደን ለመብረር አራት ቀን ቀርቶናል። ስለዚያ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ልጽፍ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም ቀጥ ብዬ መሄድ ይቸግረኝ ይሆናል። መጀመሪያ የሚመጣብኝ ግን ደስታው ነው። አባዬ ሻንጣውን አቅፎ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ሜሮን ተንበርክካ ቁጥሩን ታነባለች፣ እኔ ከዚያ ላይ የአባዬን ክብደት እቀንሳለሁ፤ የአራት ዓመቱ ታናሻችን ናቲ ደግሞ ሌላኛው ሻንጣ ውስጥ ልብሱ ላይ ተኝቶ «ዝጉብኝ! ዝጉብኝ!» ይላል።

«አባዬ፣ ሆድህን መሳብ ክብደትህን አይቀንሰውም» አለችው ሜሮን።

«እኔ ላባ ነኝ። ከባዱ የእናትሽ ሽሮ ነው።»

«ሽሮዬን ተዉልኝ!» አለች እማዬ ከወጥ ቤት፤ «እህቴ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው እናንተን መሰላችሁ?»

እዚህ ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ልመለስ። ጉዞው የተጀመረው በብርዱ ወቅት ነው።

ጥር ላይ መንገዱ በበረዶ ተለብጦ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እማዬም አረጋውያን መጦሪያ ወዳለው ሥራዋ መሄድ ስላልቻለች ቤት ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ እማዬ በሐበሻ አቆጣጠር የምትሞላው ክብ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ማይክሮዌቩም፣ ቪዲዮ ማጫወቻውም፣ የአባዬ ቫንም የቴክሳስን ሰዓት ይቆጥሩ ነበር፤ ጠዋት እነሱ ሰባት ሲሉ የእማዬ ሰዓት አንድ ይላል። «የፈረንጁ ሰዓት ሥራ ቦታ ይበቃኛል» ትል ነበር። ለንደን ለምትኖረው ታናሽ እህቷ ለአክስቴ ጸጋ ስትደውል ግን ሁልጊዜ ይምታታባት ነበር። ስድስት ሰዓት ይቀድሙናል ሲሏት የራሷን ሰዓት አይታ ስድስት ትጨምርበትና፣ የወጣውን ቁጥር እንደ ፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ አክስቴን በሌሊት ትቀሰቅሳት ነበር።

ያን ቀን እማዬ የስልክ ካርዱን ፍቃ ጣቶቿን መቁጠር ስትጀምር፣ ሜሮን ወደ ግድግዳው ቀና ብላ እዚያው ደርቃ ቀረች።

«እማዬ! ያንቺ ሰዓት እኮ ለንደን ነው ያለው!»

«ምን ትላለች ይህቺ ደግሞ?»

«ሊስን። እዚህ አሁን ጠዋት አሥር ሰዓት ነው። ስድስት ጨምሪ፤ ለንደን ከቀኑ አራት ሆነ። ሶ፣ ያንቺን ሰዓት እስቲ እይው።»

አራት ይል ነበር። እማዬ ሰዓቱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ አጨበጨበች። «ውይ ጸጋዬ! ሰዓቷ ራሴ ላይ ተሰቅሎ ነው ለካ ከእንቅልፏ ስቀሰቅሳት የኖርኩት!» አለችና ደወለች፤ አክስቴም ሳትተኛ ያነሳችው የመጀመሪያ ስልክ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሲስቁና ሲያለቅሱ ካርዱ አለቀ። ካርዱ ከማለቁ በፊት ግን አክስቴ «ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ» ብላ ነበር። ሜሮን በዚያው ሰዓት ወረቀት ቆርጣ «ለንደን» ብላ ጻፈችበትና ከሰዓቱ ሥር ለጠፈችው።

አባዬ ማታ ከሥራ ሲገባ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። ሥራው መንገደኞችን በቫን ኤርፖርት ማድረስ ነበር፤ እኛ ከመነሳታችን በፊት ይወጣና ሲደክመው ይገባል። «ሂውስተን ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ ያለቀሰ ልጅ አትላንቲክን ሊያሻግረን ነው?» አለ ናቲን እያየ። ከዚያ ደግሞ «እናንተ ሂዱ። እኔ በየቀኑ ኤርፖርት ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለው? በቫኔ ጭኜ አደርሳችኋለሁ፤ ጉርሻዬን ብቻ እንዳትረሱ።»

እኛ ሳቅን። ሜሮን አልሳቀችም። ግንቦት ላይ ሃይስኩል ትጨርስና በመስከረም ኮሌጅ ልትገባ ወደ ኦስቲን ትሄድ ነበር። «አባዬ፣ ከዚህ በኋላ አምስታችን አንድ ላይ የምንሆንበት ሰመር የለም» አለችው። እሱ «እናያለን» አለ። የአባዬ «እናያለን» ብዙውን ጊዜ «አይሆንም» ማለት እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሜሮን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋና ሥራዋ አባዬን ማስመጣት ሆነ።

ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ ፓስፖርት ፎቶ ተነሳን። ናቲ ዓይኑን አልገልጥም ብሎ አንድ ሰዓት አስቆመንና፣ በመጨረሻ የወጣው ፎቶ የተቀየመ ሽማግሌ ይመስል ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ የአውሎ ነፋስ ሳይረን ጮኸና፣ ፍራሽ ደርበን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተቃቅፈን ስንቀመጥ ሜሮን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ይዛ የገባችው ፓስፖርቶቹ ያሉበትን ፖስታ ብቻ ነበር። «ቤቱ ቢሄድም እኛ እንሄዳለን» አለች። እማዬ ጸሎቷን አቋርጣ ሳቀች።

ቸርች ውስጥ ፓስተሩ ጉዟችንን ተናግሮ ከተጸለየልን በኋላ ደግሞ ለንደን ዘመድ ያለው ሁሉ ዕቃ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ ስኒከር ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ጂንስ ሱሪ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ ካሴት በፎጣ ጠቅልለው አመጡ።

«እትዬ፣ የአሜሪካ ካሴት በነሱ ማጫወቻ አይሠራም ይላሉ» አላቸው አባዬ።

«አንተ ብቻ አድርስልኝ። ሙሽራዋን ማየት የፈለገ መላ አያጣም።»

«እኔ እኮ አልሄድም፣ እትዬ።»

«ለምን? አውሮፕላን ትፈራለህ እንዴ?»

ሜሮን ሳቋን ለመያዝ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች።

ሰኔ ገባ፣ ሙቀቱም መጣ። ሜሮን ትልቅ ካርቶን ላይ ሠንጠረዥ ሠርታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። ዕቅዱ የናቲ እንቅልፍ ለንደን ስንደርስ እንዳይረበሽ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለን እየተነሳን ወደ እማዬ ሰዓት እንድንጠጋ ነበር። እሷ እኔን ትቀሰቅሳለች፣ ናቲን መቀስቀስ የእኔ ሥራ ነው፤ ተነስቶ ጠረጴዛ ጋ የቀረበ በስሙ ትይዩ ባለው ሳጥን ምልክት ይደረግለታል። አምስት ስም ነበር የተጻፈው። አባዬ የራሱን ስም ሲያይ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እኔ መች ተኝቼ አውቃለሁ?» አለ።

«ያንተ ሌላ ነው። አብረኸን የምትሄድ ከሆነ ራስህ ትሞላዋለህ» አለችው።

መጀመሪያ አካባቢ ተሰቃየን። ናቲ ያለቅሳል፣ እኔ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እተኛለሁ። ስድስተኛው ቀን ላይ ግን ማናችንም ያላሰብነው ነገር ሆነ። አባዬ ቁልፉን ሊያነሳ ወደ ወጥ ቤት ብቅ ሲል አራታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ሲሪያል በወተት እየበላን አገኘን። በር ላይ ቆሞ አየን። ከዚያ በፊት ጠዋት አብረን በልተን የምናውቅ አይመስለኝም፤ ማለቴ፣ እኔ አላስታውስም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በማግስቱ ራሱ ወተቱን አውጥቶ ይጠብቀን ነበር። ናቲን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማንኪያውን እንደ ማይክ ይዞ «ክቡራን መንገደኞች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ፣ ትንሽ ነውጥ አለ» እያለ ጉልበቱን ሲያነቀንቀው ወተቱ በአፍንጫችን እስኪመጣ እንስቅ ነበር። ስለሚጭናቸው ሰዎች ይነግረን ነበር፤ ድመቷን ሹራብ ውስጥ ደብቃ ስለመጣች ሴትዮ፣ ተርሚናሉ ተሳስቶበት ሙሽሪትን ስላስጠበቀ ሙሽራ። አባዬ ይህን ያህል ተጫዋች መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ነው ለካ እንደዚያ የሚሆነው፣ እኛ ተኝተን።

እንደዚያ ዓይነት አምስት ጠዋት ነበረን። አምስተኛው ያ ቅዳሜ ነው። አባዬ ሲሪያሉን ጨርሶ ተነሳ፣ ከሜሮን ጆሮ ላይ እስክሪብቶዋን ነጠቀ፣ ፍሪጁ ጋ ሄደና በራሱ ስም ትይዩ ትልቅ ምልክት አደረገ። ከዚያ ከደረት ኪሱ የትኬቱን ፖስታ አወጣ።

«ፈቃድ ሰጡኝ» አለ። «አውሮፕላን እንደማልፈራ ለእትዬ ብርቄ ንገሩልኝ።»

ሜሮን የጮኸችው ጩኸት የታችኛውን ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን አስደበደበው። እማዬ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ነው ሻንጣውን የመዘንነው። በፈረንጁ አራት ሰዓት ላይ ሜሮንን ጓደኛዋ በመኪና መጥታ ወሰደቻት፤ የመዘምራን ልምምድ ነበራቸው። በር ላይ ጫማዋን እያሰረች «ዮኒ፣ ነገ የምንነሳው ጠዋት አምስት ሰዓት ነው። ናቲን እግሩን ኮርኩረው፣ ሆዱን አይደለም፤ ሆዱን ከነካኸው ያለቅሳል። ኦኬ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም፤ እትዬ ብርቄ ለመንገድ የሰጡንን ከረሜላ እየቆጠርኩ ነበር።

ማታ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። አባዬ ስልኩን አነሳ፤ «የስ» አለ፣ እንደገና «የስ» አለ፣ ከዚያ ቁልፉን ሳይዝ ወጣ፣ ተመልሶ ቁልፉን አነሳ። መኪናው ሃይዌይ ላይ ተንሸራትቶ ነው። ጓደኛዋ ተረፈች። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቤታችን በሰው ተሞላ። እኔንና ናቲን እትዬ ብርቄ መኝታ ቤት አስገብተው አጠገባችን ተጋደሙ። የተኛሁ አይመስለኝም፤ ግን ተኝቼ ነበር መሰለኝ፣ ምክንያቱም ነቃሁ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ። ወደ ወጥ ቤት ሄጄ የእማዬን ሰዓት አየሁት፤ አሥራ አንድ ይላል። ጠዋት አምስት ሰዓት ማለት ነው። ተመልሼ ናቲን እግሩን ኮረኮርኩት። ሳያለቅስ ተነሳ። እጁን ይዤ በሰዎቹ እግር መሐል አሳለፍኩት፤ ሻንጣዎቹ ግድግዳ ጥግ ተገፍተው ጋቢ ተጥሎባቸዋል፣ እማዬ በሴቶች መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ወንበር ላይ አወጣሁትና ሲሪያሉን ቀዳሁለት።

«እነዚህን ልጆች አስተኟቸው እንጂ» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

አባዬ ከወንዶቹ መሐል ተነሳ። «ተዋቸው» አለ። «ሰዓታቸው ነው።» መጥቶ ወተቱን አወጣና አብሮን ተቀመጠ።

አክስቴ ጸጋ በሳምንቱ ለቅሶ መጣች፤ እማዬና እህቷ የተገናኙት እንደዚያ ሆነ። እኛ ለንደን አልሄድንም። አሁን ፕሌኖ አጠገብ ዋይሊ እኖራለሁ፣ ሰዓቱም የእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቼን፣ እማዬንና አባዬን ይዤ ወደ ለንደን እበራለሁ። ልጆቼ ሠንጠረዥ አያስፈልጋቸውም፤ የየትኛውንም ከተማ ሰዓት ስልኩ ይነግራቸዋል፣ አውሮፕላኑ ውስጥም የሚያዩት አያጡም። ቀላል ሆኗል፣ ደስም ይላል። ግን እኔም ለሥራ በጠዋት እወጣለሁ፣ እነሱ ተኝተው።

ያን ጠዋት ናቲ በልቶ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ፈልጌ ፍሪጁ ጋ ሄድኩ። የናቲን ምልክት አደረግኩ፣ የእኔን አደረግኩ። ከሁለቱ በፊት ግን የሜሮንን አድርጌ ነበር፤ የቀሰቀሰችን እሷ ነበረችና።