የመምህሩን ፊርማ ፍለጋ እስከ ፍቼ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንደ እኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ነጠላ መሸጤ አልበቃ ብሎኝ፣ ጉለሌ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሲመረጥ ማንም ሳይጠራኝ እጄን አወጣሁ።

በመጋቢት መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ፣ መምህር ግርማ፣ በድንገት ወደ ፍቼ ገጠር ተዛወሩ። ምትክ የለም። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ልጄ አልማዝም ተፈታኝ ናት። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደን ስንለምን፣ «መምህሩ ራሳቸው ልመለስ ብለው ካመለከቱ እናያለን» አሉን። ማን ሄዶ ያስፈርማቸው? ከኮሚቴው ወንዶች አንዱ ሥራ፣ አንዱ ስብሰባ፣ አንዱ ወገቤን አለ። «በቃ፣ እኔ እሄዳለሁ!» አልኩ። ማመልከቻውን አስጽፌ፣ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዤ ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

መርካቶ አውቶቡስ ተራ ወርጄ በሦስት ብር ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ መልሶ በገዛ ሰፈሬ በጉለሌ በኩል አለፈ፤ ወይ የድካሜ ብዛት! ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ ሱሉልታ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን።

«እናቴ፣ ፍቼ ምን ጉዳይ አለዎት?» አለኝ ሚሊሺያው ወረቀቴን እያገላበጠ።

«መምህር ልመልስ።»

«ይቅናዎት። እኛም ዘንድ ጠፍተዋል» ብሎ ሳቀ።

የሱሉልታ ሜዳ በበልጉ ዝናብ ውሃ ተኝቶበታል። ጫንጮ ላይ በመስኮት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ በላሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

መምህሩ ያሉበት ከፍቼ አንድ ሰዓት በእግር ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው። መምህር ግርማ ጠመኔ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ከስተዋል።

«እትዬ ዘነበች! ምን እግር ጣለዎት?»

ቤታቸው አስገብተው ሽሮ አቀረቡልኝ። በልቼ ስጨርስ ማመልከቻውንና እስክሪብቶውን ፊታቸው አኖርኩ። አልነኩትም።

«ከመዛወሬ በፊት ሁለት ሳምንት ታስሬ እንደነበር ያውቃሉ?»

«በስመ አብ! ታመዋል ብለውን ነበር እኮ! በምን ታሰሩ?»

ከሣጥናቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የኛ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ነው። «መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን ከሰልፍ ልምምድ እያስቀረ የአብዮቱን ሥራ ሆን ብሎ ያደናቅፋል» ይላል። ከሥሩ ስድስት ፊርማ አለ። ሦስተኛው የኔ ነው።

ፊርማዬን ደግሜ አየሁት። እኛ ጋ ስብሰባ ሲንዛዛ፣ የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሳያልቅብን ሰልፍ ለመያዝ ስንጣደፍ፣ ባዶው ወረቀት ግርጌ ፈርመን እንወጣለን፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በኋላ ይሞላዋል። ሁሌም እንዲሁ ነው። ማንበብ የማልችል ብሆን አንድ ነገር ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ተምሬ ሰርተፊኬት ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ! ደግሞስ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ያስጠኑልን ብሎ የለመናቸው ማን ሆነና? እኔው ነኝ። አፈር ልብላ!

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ዘነበች። ቂም የለኝም። ግን ብመለስ ነገም ሌላ ወረቀት ይመጣል፤ ያው እናንተው ትፈርማላችሁ።»

ማመልከቻውን አጥፈው መለሱልኝ። እዚያው አከራያቸው ዘንድ አደርኩ፤ እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ፣ ጉለሌ

አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

«ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳት። «ለክፍሉ ልጆች ምን ልበላቸው?» አለች።

«አንቺ ምንም አትበዪ። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይህንን ነው፦ ለልጆቹ ብዬ ኮሚቴ ገባሁ፣ በልጆቹም ላይ ፈረምኩ። ሳላነብ ዳግመኛ እጄን ወረቀት ላይ አላሳርፍም፤ ይህ ግን አስተማሪ አይሆናቸውም።

ሰኞ ጠዋት ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ እንደ ደንቡ ሁሉም ብድግ አሉ፤ ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም።

«መምህር ግርማን ያሳሰርኳቸውም፣ ያስባረርኳቸውም እኔ ነኝ። ሳላነብ ፈርሜ» አልኳቸው።

ተቀመጡ ሳልላቸው አንድ በአንድ ተቀመጡ። ቀድማ የተቀመጠችው አልማዝ ነበረች።