የታጠፈው ድምፅ

ልብስ ሰፊው ሬድዋን ቀጨኔ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፦ በኮት አሰፋፉና የአቶ ዋቅጋሪ ሰው በመሆኑ። ዋቅጋሪ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰፈር ተመርጠው ፓርላማ ሲገቡ ኮታቸውን የሚሰፋው እሱ፣ ምርጫ ሲመጣም ቆጠራውን የሚታዘብላቸው እሱ ነው። የኮቱን ቁልፍና የጠርዙን ዝምዝማት የምትጨርሰው ግን ሚስቱ ጀና ናት።

ዘንድሮ እሌኒ የምትባል የሰፈሩ መምህርት ተወዳዳሪ ሆና ተነሳችባቸው። ሬድዋን ሳቀ። ቢሆንም በዋዜማው፣ ጀና ፊደል ስላልቆጠረች፣ የምርጫ ምልክቶቹን አሳያት።

«መሰላሉን ተዪው፣ የእሌኒ ነው። ጃንጥላው የዋቅጋሪ ነው። ጣትሽን ጃንጥላው ላይ፣ እሺ?»

«እሺ አልኩህ እኮ! ሦስቴ ነገርከኝ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ክፍል ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ዋቅጋሪ ደወሉ።

«ሌላው ጣቢያ ሁሉ አልቋል፤ በዘጠኝ ድምፅ እየመራሁ ነው። የቀረው ያንተ ብቻ ነው። አደራ!»

ሬድዋን ወደ ሰሌዳው ዞረ። እሌኒ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ዋቅጋሪ ሦስት መቶ ዘጠኝ። ዘጠኟ ድምፅ እዚሁ አለቀች፤ እኩል ለእኩል!

አንዲት አከራካሪ ወረቀት ብቻ ቀርታለች። የጣቢያው ኃላፊ ቦንቱ ዘርግታ ለታዛቢዎቹ አሳየች። መሰላሉ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ጃንጥላው ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሌላ።

«ሁለት ቦታ ነክቷል! ውድቅ ነው!» ሬድዋን ከሁሉም ቀድሞ ጮኸ።

«ጋሽ ሬድዋን፣ ቀስ!» አለ የእሌኒ ታዛቢ ፈሀድ። «ኮት ሲሰፉ መነጽር ያደርጋሉ፤ እዚህ ሲሆን ያወልቁታል?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሬድዋን እየተናደደ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ።

ወዲያው ገባው። ልብስ ሰፊ ነዋ! የጨርቁን አንድ ወገን በጠመኔ ያሰምራል፣ አጥፎ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ መስመሩ ሌላው ወገን ላይ ይታተማል። ይህችም ወረቀት ቀለሟ ሳይደርቅ ታጥፋለች፤ በቃ።

ዝም ብሎ ሊውጠው ነበር። ግን ሌላ ነገር አየ። አሻራውን ከመሃል የሰነጠቀ ሰያፍ ጠባሳ። ያንን ጠባሳ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት የስፌት መኪናው መርፌ የጀና ጣት ውስጥ ሲሰበር፣ ስባሪውን በጉጠት ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ጀና? የገዛ ጀናው?

«እና ተቃውሞዎን ልመዝግብ?» አለች ቦንቱ።

«አዎ» ቢል ወረቀቷ ከወዳቂዎቹ ጋር ትታሸጋለች። ዋቅጋሪም አይሸነፉም። ያ ጣት ሲደማ እንዴት ጨብጦት እንደነበር ትዝ አለው።

«አንድ ጣት ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠባሳው እዚህ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ወደ ግራ ያዘነብላል። ደብዛዛው ሲታጠፍ ተገልብጦ የታተመ ነው። ድምፁ... የመሰላሉ ነው።»

ቦንቱ ወረቀቷን የእሌኒ ድምፆች ላይ ደረበቻት።

ሬድዋን ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት እንዴት እንደወጣው አያውቅም። ጀና፣ ዋቅጋሪ ለፓርላማው መክፈቻ ባዘዙት አዲስ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«ማን አለፈ?»

«እሌኒ። በአንድ ድምፅ።»

መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። «በአንድ?»

«ለምን ጀና?»

ከየት እንዳወቀ አልጠየቀችውም። ቀለም የነካውን አውራ ጣቷን አየችና ጨበጠችው።

«ሃያ ዓመት ቁልፋቸውን ተከልኩ። አንድ ቀን ስሜን ጠርተው አያውቁም። ያቺ ልጅ ግን ውሃ የጠፋ ጊዜ እዚህ በር ላይ ቆማ ‹ጀና፣ አንቺ ምን ይሻላል ትያለሽ?› አለችኝ። ጠየቀችኝ እኮ ሬድዋን!»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። «ሦስቴ ነገርከኝ» ያለችው ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።

ስልኩ ጮኸ። ዋቅጋሪ ናቸው።

«አንሳው እንጂ» አለች ጀና በቀስታ።

አላነሳውም። ያንን ጣት ገና ዛሬ ያየው ይመስል ዓይኑን ተክሎ ቀረ።