ክብሪትና የ«አይዞሽ» ነገር

«ክብሪት» ያሏት እንዲሁ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ቀጭን ናት፣ ጫር ካደረጓት ትነዳለች። ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴል ማሳደግ ነው። ከውሻ ኩላሊት የተገኙ ሴሎችን ላስቲክ ሳህን ላይ ትዘራለች፣ ቀይ ፈሳሽ ትመግባለች፣ ሙቀት ሳጥን ውስጥ ታኖራቸዋለች። ጥግብ ብለው ሳህኑን ሲሞሉት ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ትለቅባቸዋለች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የጨረሰችው እናቷ ይህን በሰማች ቁጥር «አሳድጎ ለጅብ መስጠት ምን የሚሉት ሥራ ነው ልጄ?» ትላታለች።

ቫይረሱን ክብሪት እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የምትጠላው። «ባዶ እጁን የመጣ!» ትላለች። «ብቻውን አንድ እንኳ መውለድ አይችልም። ሴሉ ቤት ዘው ብሎ ይገባና፣ ሴሉ ከውስጥ የሚላላከውን መልእክት ጠልፎ ባለቤቱን በገዛ ቤቱ ያዘዋል።» ከሁሉ የምታንገበግባት ደግሞ አንዷ መልእክት ናት። የታመመ ሴል ቶሎ ሞቶ ጎረቤቶቹን ማትረፍ ያውቅበታል። ቫይረሱ ታዲያ «አይዞህ፣ አትሙት፣ ገና ነህ» የምትለዋን የሴሉን የራሱን መልእክት ያበራበታል። አዝኖለት መሰላችሁ? ድንቄም ማዘን! ብጤዎቹን አባዝቶ እስኪጨርስ ነው። ከዚያ በኋላማ ሴሉ ቢሞት ባይሞት ምን ቸገረው! ፕሮፌሰሩና ክብሪት ያቺን መልእክት የሚዘጋ ኬሚካል ሲጨምሩበት የቫይረሱ ሥራ በጅምር ይቀራል። የላቦራቶሪው ጥናት ይኸው ነበር።

ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። «ከዚህ ክፍል አንዲት ቫይረስ እንዳትወጣ!» እያሉ ጓንቱን፣ ጭምብሉን፣ የመስታወት ሳጥኑን ሁሉ ራሳቸው ይፈትሻሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ትኩሳታቸውን ይዘው መጡና ሻይ ክፍል ተቀምጠው፣ ሁሉም ሰው ከሚበላው የብስኩት ሳህን ላይ እጥሽ! እጥሽ! አስነጠሱ። ወይ ጉድ! የታሰረውን ሲጠብቁ ያልታሰረው በአፍንጫቸው ወጣ። ክብሪት ሳል ጀመራት። ፈቃድ ብትጠይቅ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይቺን ዙር ብቻ» አሏት። ቀጥሎ ከእሷ ተጋብቶባት እናቷ አልጋ ላይ ወደቀች።

ጠዋት ላይ እህቷ ደወለች። «እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል። ብቻዬን ከፎቅ ላወርዳት አልቻልኩም፣ ቶሎ ነይ!»

ክብሪት ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው።

«አይዞሽ» አሉ ፊታቸው በሐዘን ተጨማዶ። «ቫይረሱ ያለበትን ፈሳሽ ከሳህኖቹ ሰብስቢና ትሄጃለሽ። ሰዓቱ ካለፈ እኮ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ።»

«እርስዎ ይሰብስቡታ!»

«እኔማ ከተውኩት ስንት ዘመኔ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

እና ያቺ እሳት የሆነች ሴት ምን አደረገች? ተቀመጠች! ጓንቷን አጥልቃ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ራሷን እየረገመች ፈሳሽ መቅዳት ጀመረች።

እህቷ እንደገና ደወለች። አንዷ የሥራ ባልደረባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። «ከንፈሯ ጠቁሯል» አለች እህቷ፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ብቻ ነው የተሰማው።

«አይዞሽ» አሉ ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ቆመው። «ጨረስሽ እኮ!»

የክብሪት እጅ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ያን ቃል ታውቀዋለች። ዓመቱን ሙሉ ሳህን ላይ ስታየው የኖረችው ነው። አትሙቺ፣ ገና ነሽ፣ ሥራዬ አላለቀም! ደሟ ፈላ።

«የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ!» ብላ ተነሳች። እንዲያ ነድዳ እንኳ ጓንቷን በቦታው ጣለች፣ እጇንም በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ወጥታ በረረች።

እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እህትማማቾቹ በፊትና በኋላ ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ አወረዷት። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ አንዴ አያትና «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለ። ያን ቀን ክብሪትን ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ይህ ጥያቄ ነው።

ለእናቷ ኦክስጅን ተደረገላት። የከንፈሯ ጥቁረት ቀስ እያለ ለቀቀ። እናትየው መናገር ቢያቅታትም የክብሪትን እጅጌ ይዛ የተተረተረውን ጠርዝ በጣቷ ታጥፍ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ነገር።

ስልኩ ጮኸ፤ ፕሮፌሰሩ ናቸው።

«እናትሽ እንዴት ናቸው? አይዞሽ፣ አይዞሽ። ሳህኖቹን ወደ ሙቀት ሳጥኑ መልሻቸዋለሁ። ማታ ብቅ ብትዪ…»

«ፕሮፍ፣ ያቺን መልእክት ዘግቻታለሁ።»

ፕሮፌሰሩ የትኛዋን ብለው አልጠየቁም። ስንቴ በገዛ እጃቸው ሰሌዳ ላይ የሳሏት መልእክት ናት።

«ሴሎቹ ይሞታሉ እኮ» አሉ፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ።

«ይሙቱ!» አለች ክብሪት፣ የእናቷን የኦክስጅን ጭምብል እያስተካከለች።