የተሰነጠቀው ምርኩዝ

ቀርከሃው ፒክአፑ ላይ አልገባ አለ። አንዱ ፖሊስ ጫፉን ይዞ በቁመት ሞከረው፣ በአግድም ሞከረው፣ በመጨረሻ ሰለቸውና «ራሳቸው ይሸከሙት» አለ። ስለዚህ እኔና አሠልጣኜ ከተያዝንበት መንገድ እስከ ጣቢያው ድረስ፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ምርኩዙን በትከሻችን ተሸክመን ሄድን። መኪናው በዝግታ ይከተለናል። የሶዶ ሰው ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴት ለለቅሶ ድንኳን የሚሆን እንጨት የያዝን መስሏት ነጠላዋን አስተካከለችና በወላይትኛ «ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ሂጂ!» አለ ከመኪናው አንዱ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ስለ ክልል ጥያቄ እንጂ ስለ ሌላ አያወራም ነበር። አሠልጣኜ የስፖርት መምህር ናቸው፤ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስተው ስለዚሁ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋል። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ እዚያው ትምህርት ቤት ስፖርት ማስተማር የጀመርኩት በቅርቡ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፣ አጨብጭቤያለሁ። የታሰርነው ለዚያ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የተጠየቅነው ግን ስለ ቀርከሃው ነበር።

እሳቸው በወጣትነታቸው ምርኩዝ ዝላይ ዘልለዋል። በእኛ አካባቢ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ከሥራ በኋላ የርዝመት ዝላይ አሸዋው አጠገብ ያስተምሩኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ በኋላ ለተማሪዎቼ ላስተምር። ገና ጀማሪ ነበርኩ። አያያዝ ተማርኩ፦ ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እጅ ከታች፣ በመሃላቸው የትከሻ ስፋት። ምርኩዙን ከዳሌ ጎን ይዞ መራመድ፣ ጫፉን መሬት ላይ ሲተክሉ ቀኝ ክንድን ከራስ በላይ መዘርጋት፣ በግራ እግር መነሳት። መነሳቱን በቃል ነው የማውቀው። ከመሬት ገና አልተነሳሁም ነበር። ሁልጊዜ ከመጀመራችን በፊት «ምርኩዙ ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ከላይ እስከ ታች በእጄ ዳስሼ እመልሳለሁ። ያን ዕለት የሜዳው በር ተዘግቶ ስለጠበቀን ቀርከሃውን ወደ እሳቸው ቤት እየወሰድነው ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። አቧራው ከግድግዳው አይወጣም፤ ስንበላ ጥርሳችን ላይ ይንኮሻኮሻል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሁላችንም በሩ ሥር ወዳለችው ክፍተት እንጠጋለን። አጠገቤ የምትተኛው ከሻንቶ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋታል። ልብሷ ላይ የቅቤው ሽታ ገና አልለቀቀም። ከእኔ ጋር በወላይትኛ ታወራለች፤ ከፖሊሶቹ ጋር ስትነጋገር ግን አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

ምን እንዳደረግኩ ስትጠይቀኝ ስለ ዝላዩ ነገርኳት። ብዙ አሰበችና፣

«ቤታችሁ ሥራ የለም እንዴ?» አለችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምርኩዝ ነው።»

«ማንኛችሁ ነው የሚያነክሰው?»

«ለዝላይ ነው ጌታዬ።»

«ምን ለመዝለል? አጥር?»

«አግዳሚ እንጨት።»

«ከእንጨቱ ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም። አሸዋ ነው። እዚያ ላይ ይወደቃል።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ለመውደቅ ነው የምትዘልዪው?»

በየጊዜው ያስጠራኛል፤ በየጊዜው ያንኑ እነግረዋለሁ። የማን ግቢ ልንገባ እንደነበር፣ ማንን ልናሻግር እንደነበር ይጠይቀኛል። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት እየመሰለ ሄደ። አሠልጣኜ የት እንዳሉ ስጠይቀው ወደ ቀርከሃው ይመለሳል። ከተለያየን ጀምሮ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። «ዛሬ ታሳዪናለሽ» አለኝ መርማሪው። ቅቤ ነጋዴዋ ከኋላዬ ተነስታ «እሱ ልጅ ነው! ምንም አላደረገም!» ብላ ጮኸች። በር ጠባቂው «ወንድ ደግሞ እዚህ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ዘጋባት።

ቀርከሃው ግቢው መሃል ተጋድሟል። ውስጡ የተደበቀ ነገር ካለ ብለው አንጓዎቹን በገጀራ ከፍተዋቸዋል። ከአቮካዶው ዛፍ እስከ ፒክአፑ ስፔኪዮ ድረስ ገመድ ወጥረዋል፤ ከደረቴ ከፍ ይላል። አሸዋ የለም። ከገመዱ ወዲያ ያለው ጠጠር የፈሰሰበት መሬት ነው። ፖሊሶቹ የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ከጥላው ወጡ።

ተንበርክኬ ዳሰስኩት። ስንጥቁ ከአንዱ አንጓ ተነስቶ የላይኛው እጅ እስከሚያርፍበት ድረስ ዘልቋል።

«ተሰንጥቋል። ክብደት ሲያርፍበት ይሰበራል» አልኩ።

«ሰበብ እንደማታጪ አውቄያለሁ።»

«ሲሰበር ሰው ይወጋል።»

«አንሺው።»

አነሳሁት። የትኛው እጅ ከላይ እንደሚሆን ጠፋኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከምንም በፊት የተማርኩት ነገር ጠፋኝ። ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ከወንዶቹ ክፍል፣ በብረት በሩ ላይ ካለችው ቀዳዳ፣

«ቀኝ ከላይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ድምፁ ቀጥኗል፤ የእሳቸው እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅኩ። እጄን ቀየርኩ። አንዱ ፖሊስ በሩን ሊደበድብ ሲሄድ መርማሪው በእጁ አስቆመው። ሊያይ የፈለገ መሰለኝ።

«ዓይንሽ ከፊት» አሉ። «ጫፉን ቀና አድርጊ። በይ ተራመጂ።»

ተራመድኩ። ትከሻዬ ተፈታ፣ እግሬ ልኩን አገኘ። ገመዱ አጠገብ ስደርስ ቆምኩ። ከበሩ ኋላ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ ቀጥሎ፣

«ምርኩዙ ደህና ነው?»

«ተሰንጥቋል ጋሼ።»

«እንግዲያው አስቀምጪው።»

የመርማሪው ፊት ተለወጠ። «እዚህ ግቢ የማዘው እኔ ነኝ! ዝለዪ!»

ጉልበቴን አጥፌ አስቀመጥኩት። አልወረወርኩትም፤ እንዳስተማሩኝ መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ መያዣውን፣ ድምፅ ሳያሰማ አስተኛሁት። ድፍረት አልነበረም። ሁለት ሰው አዘዘኝ፣ ለአንዱ ታዘዝኩ።

«አውጡት» አለ መርማሪው።

አወጧቸው። ባዶ እግራቸውን ናቸው። የተያዙበትን ሸሚዝ እንደለበሱ ነው። ቀኝ ክንዳቸው የሌላ ሰው ይመስል ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ብርሃኑ አስቸግሯቸው ዓይናቸውን እያጠበቡ ቆሙ።

«በል አንተ ዝለል» አላቸው፤ በዕድሜ አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው።

«በዚህ እጅ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለተማሪ የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። «አይነሳም።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ወይ አንተ ትዘላለህ፣ ወይ እሷ ትዘላለች።»

«እኔ እዘላለሁ!» አልኩና ጎንበስ አልኩ። እጄ ሳይደርስ አሠልጣኜ እግራቸውን ቀርከሃው ላይ አሳረፉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። «ጋሼ፣ ልዝለል፤ ከዘለልኩ ይተዉናል» ብዬ በወላይትኛ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ መለሱ፦

«በተሰነጠቀ ምርኩዝ ተማሪ አይዘልም።»

አንዱ ትከሻቸውን ገፋቸው። ተንገዳገዱ፤ እግራቸው አልተነሳም። ሌላው ጉልበታቸውን በዱላ መታቸው። እኔን ከኋላ ሁለት እጅ ይዞኛል። የጮህኩ ይመስለኛል፤ የራሴን ድምፅ ግን አላስታውስም። የማስታውሰው እግራቸውን ነው፤ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ የጠቆረ የአውራ ጣት ጥፍር፣ ከሥሩ ቢጫው ቀርከሃ። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የሚደረገው ነገር ግን አልነበረም። በመጨረሻ ለሁለት ተሸክመው አነሷቸው። ሲወስዷቸው ወደ እኔ አልዞሩም።

መርማሪው ገመዱን አየት አድርጎ «ፍቱት፤ መኪናው ይፈለጋል» አለ። ፖሊሶቹ ብርጭቆአቸውን ይዘው ወደ ጥላው ተመለሱ።

ክፍሉ ውስጥ ቅቤ ነጋዴዋ ከቤቷ ከመጣላት ቆጮ አስቀርታልኝ ነበር። መብላት ሲያቅተኝ መልሳ በጨርቅ ጠቀለለችው።

«ዘለልሽ?»

«አልዘለልኩም።»

እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ታሸኝ ነበር፤ መንገድ ሄጄ የመጣሁ ይመስል።

በማግስቱ አሠልጣኜን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ስማቸው ሲጠራና መኪናው ሲነሳ በበሩ ክፍተት ሰማሁ። እኔን ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ አልነገሩኝም፣ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ስወጣ ቅቤ ነጋዴዋ እዚያው ነበረች። ቤተሰቧን ሻንቶ ገበያ ሄጄ ፈለግኩ፤ ልጇ ተገኝቶ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ቦምቤ በምትባል ከተማ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ሩጫና የርዝመት ዝላይ ይወዳሉ። ምርኩዝ ዝላይ አላስተምርም፤ ከመሬት ተነስቼ ስለማላውቅ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሳየት አልችልም። አሠልጣኜም ኋላ ተፈትተው፣ ጡረታ ወጥተው ተበላ ከተማ ይኖራሉ። በቆሎና ማንጎ አላቸው። ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አይወጣም፤ ጣቶቻቸውም ዕቃ አይጨብጡም። በገበያ ቀን በሚኒባስ ሄጄ አያቸዋለሁ። ስለዚያ ቀን አናወራም። ስለ ዝናብ ይነግሩኛል፣ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል።

ባለፈው ወር አብረን ገበያው ውስጥ ስናልፍ ብዙ ሰው ሰላም አላቸው፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ጎረቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ለእያንዳንዱ ግራ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ከመጨበጣቸው በፊትም ጎንበስ ብለው «ይቅርታ፣ ግራ ነው» ይላሉ። ለትልቁም ለትንሹም እንደዚያው ነው። አጠገባቸው ዘንቢላቸውን ይዤ ቆሜ አዳምጣቸው ነበር። ስለዚያ ቀኝ ክንድ ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።